በልጅ ላይ የሚነሣ ብርቱ አለርጂ



በጭሮና በአካባቢዋ ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱን ልጅ ንብ ሲነድፈው ቦታው ያብጣል፤ ከዚያም ይሽራል። ሌላውን ግን ያችው አንዲት ንብ በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት ልታደርሰው ትችላለች። ልዩነቱ የመርዙ ብዛት ሳይሆን የልጁ ሰውነት በመርዙ ላይ የሚያሳየው ቁጣ ነው። ይኸው ቁጣ በፔኒሲሊን መርፌ፣ በእንቁላል፣ በወተት ወይም በኦቾሎኒም ሊነሣ ይችላል።

ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደለው ፕላምፒ ነት ኦቾሎኒና የወተት ዱቄት አለበት። እንዲህ ያለ አለርጂ ያለበት ልጅ ጥቂት ነውና ምግቡን ማንም አይፍራው። ነገር ግን አዳዮች «ልጁ ኦቾሎኒ ወይም ወተት ቀምሶ አብጦ ያውቃል?» ብለው እናቲቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

በምን ይታወቃል? የሚያሳክክ ሽፍታ ብቻ ከሆነ ልጁን በቅርብ እንከታተል። ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ደረቱ ካፏጨ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ወይም ከገረጣና ከዛለ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ሽፍታ ባይወጣበትም አንዘናጋ።

ምን እናድርግ? ልጁን አጋድመን እግሩን ከፍ እናድርግ፤ ትንፋሽ ካጠረው ደግፈን እናስቀምጠው። አናስቆመው፣ አናስኪደው። «መርዝ ያበርዳል» ብለን ወተት አናጠጣው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈን ወደ ጭሮ ወይም ወደ ገለምሶ ሆስፒታል እንቸኩላለን። ልጁ ግን የመንገዱን ርዝመት ላይችል ይችላል። የሚያድነው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ ጤና ጣቢያው ካለው እዚያው ይወጋ።

ለጤና ባለሙያዎች፦ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው አድሬናሊን፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.1 ሚሊ ሊትር በጭኑ ውጫዊ ጎን ጡንቻው ውስጥ ይሰጣል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአለርጂ ክኒን ማሳከክን ያስታግሣል እንጂ ይህን መርፌ አይተካም።

የሪፈር ወረቀቱ ከመርፌው በኋላ ይጻፍ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ልጁ ቢሻለውም ወደ ሆስፒታል ይላክ። ምን እንደነካው፣ መቼ እንደጀመረው፣ መርፌው በስንት ሰዓት እንደተሰጠው ይመዝገብ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ጉባኤ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ በአቅራቢያችን ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን አለው? በሌሊት መኪና ወይም ባጃጅ የሚያቀርብልን ማን ነው? መልሱ ልጁ ከመታመሙ በፊት በእጃችን ይሁን።