ትኩስ አሉሚኒየም ለምን ልክ አይሰጥም?

ልደታ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቤተ ክርስቲያኑና ፍርድ ቤቱ ነው፡፡ የሙያ ሰው ከሆነ ተግባረ ዕድንም ይጨምራል፡፡ እዚያው ሰፈር ግን በግቢያቸው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ቶርኖ ተክለው የሚሠሩም አሉ፡፡ አንዱ አጎቴ ናቸው፡፡ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም በእሳቸው ክፍል ያበላሸሁት አንድ ዕቃ ነው፡፡

ሥራው ለ6203 ኩሽኔታ የአሉሚኒየም ቤት ማውጣት ነበር፡፡ የኩሽኔታው የውጭ ዲያሜትር 40 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ቀዳዳው በኤች 7 ልክ ከ40.000 እስከ 40.025 ይፈቀድለታል፡፡ ቦርቡሬ እንደጨረስኩ ወዲያው ስለካው 40.015 መጣ፡፡ ደስ ብሎኝ ፈታሁት፡፡ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ኩሽኔታው አልገባም አለ፡፡ "ሳይቀዘቅዝ ለክተኸው ነዋ!" አሉኝ አጎቴ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ ሜትር አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.023 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ብረት ግን የዚህን ግማሽ ያህል ነው፡፡ ዕቃው ሲሰፋ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል እንጂ አይጠብም፡፡ ዕቃው ሲቆረጥ 45 ዲግሪ ደርሶ በኋላ ወደ 20 ቢወርድ፣ 40 × 25 × 0.000023 = 0.023 ሚሊ ሜትር ይጠባል ማለት ነው፡፡ የተፈቀደልን ጠቅላላ ልዩነት 0.025 ብቻ ነበር! 20 ዲግሪን የመረጥኩትም በዘፈቀደ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የዕቃ ልክ የሚነገረው በዚህ ሙቀት ነው፡፡

ሁለተኛው ጣጣ አጨባበጡ ነው፡፡ ስስ የአሉሚኒየም ቀለበት በሦስት መንጋጋ አጥብቀን ከያዝነው ይጎብጣል፡፡ እንደተያዘ ክብ አድርገን የቦረቦርነው ቀዳዳ ሲፈታ ክብነቱን ያጣል፡፡

ሦስተኛው መጣበቁ ነው፡፡ አሉሚኒየም መቁረጫው ጫፍ ላይ እየተለጠፈ ፊቱን ያሻክራል፤ ልኩንም ያዛባል፡፡ መቁረጫው በደንብ የተሳለ መሆን አለበት፡፡ ነጭ ጋዝ ጠብ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ እሳት ግን እንዳይቀርበው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያው ቆረጣ ግማሽ ሚሊ ያህል ትርፍ እንተዋለን፡፡ ዕቃው እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፡፡ ከዚያ መንጋጋውን አላልተን በቀጭን ቆረጣ እንጨርሳለን፡፡ የምንለካው በውስጥ ማይክሮሜትር ነው፤ ተራ ካሊፐር እስከ 0.02 ድረስ ሊሳሳት ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይታመንም፡፡ ማይክሮሜትሩም ከዕቃው ጋር በአንድ ክፍል ይደር፡፡

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ስለሚግል አጎቴ የመጨረሻውን ቆረጣ የሚሠሩት ጠዋት ነው፡፡ እኔም ሁለተኛውን ቤት ማታ ቦርቡሬ አሳደርኩትና ጠዋት ጨረስኩት፡፡ ኩሽኔታው በእጅ ግፊት ገባ፡፡ በወርክሾፓችንም ተማሪው ወረፋ እንዳያልፈው ሲል ዕቃውን በትኩሱ ይለካል፡፡ አሥር ደቂቃ መታገሥ ግን አንድ ሙሉ ዕቃ ከመጣል ይሻላል፡፡