ያለ እሳት የሚበራ መብራት

መብራት ሲባል ብዙ ጊዜ ለሐሳባችን የሚመጣው እሳት ነው። ኩራዝም ቢሆን፥ ሻማም ቢሆን፥ ባለ ሽቦው አምፑልም ቢሆን ብርሃን ሲሰጥ አብሮ ይሞቃል። ነገር ግን በምድርና በባሕር ከሚኖሩት ፍጥረታት አንዳንዶቹ እሳት ሳይነድባቸው ከገዛ አካላቸው ብርሃን ያወጣሉ። ይህ እንዴት ይሆናል? ስለ ምንስ ይሆናል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሮበርት ቦይል ነበር። እርሱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1668 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ በጨለማ የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዘግቶ አየሩን ቢያወጣ ብርሃኑ ጠፋ፤ አየሩን ቢመልስ ብርሃኑም ተመለሰ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1880ዎቹ፥ ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱብዋ ብርሃኑ የሚገኘው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ መሆኑን አስረዳ። አንደኛውን ሉሲፈሪን፥ ሁለተኛውን ሉሲፈሬዝ ብሎ ሰየማቸው። ሉሲፈሪን ከአየር ከሚገኘው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ብርሃን ይወጣል፤ ሉሲፈሬዝ ደግሞ ውሕደቱን ያፋጥናል። ሙቀቱ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነም «ቀዝቃዛ ብርሃን» ይባላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመለስ፥ ፍጥረታቱ ብርሃናቸውን ያለ ጉዳይ እንደማያወጡት እንረዳለን። በሰሜን አሜሪካ በበጋ ምሽት ወንዱ አብሪ ጥንዚዛ እየበረረ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በሣር ላይ ያለችው ሴቲቱም የወገኗን ምልክት ስታይ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ትመልስለታለች። በዚህም ይገናኛሉ። ሆኖም ይህ መልእክት አደጋ አለበት። ፎቱሪስ ከተባለው ወገን የሆነች ሴት ጥንዚዛ የሌላውን ወገን ምልክት አስመስላ ወንዱን ትጠራዋለች፤ ሙሽራ አገኘሁ ብሎ ሲቀርብም ይዛ ትበላዋለች።

በአቅራቢያችን ባለው በቀይ ባሕር የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ ደግሞ መብራቱን የሚያገኘው ከእንግዶች ነው። ከዓይኖቹ ሥር ባሉት ከረጢቶች ውስጥ የሚያበሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እርሱ ይመግባቸዋል፥ እነርሱ ያበሩለታል። ባክቴሪያዎቹ ብርሃናቸውን ስለማያቋርጡ፥ ዓሣው እንደ ዓይን ቆብ ባለ ጥቁር መሸፈኛ ሲፈልግ ይሸፍነዋል፥ ሲፈልግ ይገልጠዋል። ቀን በዋሻ ተሸሽጎ ይውልና ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ይወጣል። በብርሃኑ ምግቡን ይፈልጋል፥ ከጓደኞቹም ጋር ይገናኛል። ጠላት ሲመጣበት ብርሃኑን እያሳየ ወደ አንድ ወገን ይዋኛል፤ ወዲያው ሸፍኖ ወደ ሌላው ይታጠፋል፤ ጠላቱም ባዶ ውሃ ያሳድዳል።

እንግዲህ ለእነዚህ ፍጥረታት ማብራት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ሕይወት ነው፤ ሁለቱም የሚጠቅሙት ግን ጨለማ ሲኖር ነው። ዛሬ በከተሞችና በመንገዶች ዳር ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የሰው መብራት የአብሪ ጥንዚዛዎችን ምልክት ስለሚያደበዝዘው፥ ወንዱ ሴቲቱን ለማግኘት ይቸገራል። ያልተገናኙትም ዘር አይተኩም። ይህን ጉዳት ለመቀነስ ትልቅ ገንዘብ ወይም ረቂቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ ማንም የማይጠቀምበትን የውጭ መብራት ማጥፋት፥ የሚያስፈልገውንም ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ መሬት እንዲያበራ መከለል ይበቃል። ትንሹ ዓሣ መብራቱን በጊዜው መሸፈን ከቻለ፥ ለሰው ልጅ ይህን ማድረግ ከባድ ሊሆንበት አይገባም።