የመድኃኒት ፕሮቲኖችን በማግኔት አጥርቶ የመለየት ዘዴ

ለካንሰር ሕክምና የሚውሉ የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶችን ዋጋ ከሚያንሩት ምክንያቶች አንዱ ተፈላጊውን ፕሮቲን አጥርቶ የማውጣቱ ሥራ ነው። ይህንኑ ለማቃለል የጃፓን ተመራማሪዎች ሱፐርኮንዳክቲንግ ማግኔትን ሞክረዋል።

ፕሮቲን በራሱ በማግኔት አይሳብም። በመሆኑም ተፈላጊውን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ ንጥረ ነገር የተለበጡ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በፈሳሹ ውስጥ ይጨመራሉ። ፈሳሹ በቀጫጭን የብረት ሽቦዎች መካከል ሲያልፍ ማግኔቱ ቅንጣቶቹን ያስቀራል፤ ከታጠቡም በኋላ ፕሮቲኑ ይላቀቃል።

ቅንጣቶቹ በደቀቁ መጠን ብዙ ፕሮቲን ቢይዙም በማግኔት የመሳብ አቅማቸው ይዳከማል። በ1911 እ.ኤ.አ የተገኘው ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የሚፈለገው ለዚሁ ነው። በእጅጉ የቀዘቀዘው ሽቦ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት በማስተላለፍ ከመደበኛው የላቀ የማግኔት ጉልበት ይሰጣል። ይሁንና ማቀዝቀዣው ራሱ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የዘዴው አዋጭነት በሚመረተው መድኃኒት መጠን ይወሰናል።