ወለምታና ስብራት፤ ስለ ሕመማቸውና ስለ አያያዛቸው

ስፖርት ለሰውነት ጤንነት፣ ለአእምሮ መታደስ፣ ለወጣቶችም መልካም ጠባይ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሚሮጥ መሰናከሉ፣ የሚዘልም መውደቁ አይቀርምና ጨዋታን የሚወድ ሕዝብ የጉዳትን አያያዝ ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ይህንኑ ጉዳይ በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል።

በኬንያ ሞያሌ፣ በማንያታ ሰፈር፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ሙቀቱ በረድ ሲል ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ እናስብ። በእንዲህ ያለው ደረቅ አገር ሜዳው ጠጠርና አቧራ የበዛበት ነው። በተመልካቹ መካከል ቦረንኛው፣ ቡርጂኛው፣ ስዋሂሊኛውና አማርኛው ተቀላቅሎ ይሰማል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተጠልፎ ወደቀ እንበል፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይጮኻል። ወዲያው የሚሰበሰበው ሰው ምክሩ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «እሹት» ይላል፤ ሁለተኛው «ሳቡት» ይላል፤ ሦስተኛው «በሙቅ ውሃ ይነከር» ይላል፤ አራተኛው ደግሞ «ተነሥና ተራመድበት፤ ወንድ አይደለህም ወይ» ሲል ይቆጣል። የልጁ እግር የወደፊት ዕድል ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚችው ሰዓት በሚደረግለት ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ስሞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ይጠቅማቸዋል። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ውልቃት የሚባለው አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ስብራት የሚባለው ደግሞ አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር ነው። ሦስቱም ያብጣሉ፤ ሦስቱም ያማሉ፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ ያስቸግራል።

ስለ ቁርጭምጭሚት ግን ሐኪሞች የሚሠሩበት አንድ መመሪያ አለ፤ ይኸውም የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩት አጥንቶች ጫፋቸውና የኋላ ጠርዛቸው በጣት ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሣት ይገባዋል ማለት ነው። እጅ ወይም እግር ቅርጹን ለውጦ ከተጣመመ፣ ወይም አጥንት ቆዳን ቀዶ ከወጣ፣ ማንም ሰው ለማቅናት ሳይሞክር እንዳለ ደግፎ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው።

ወለምታ ብቻ ሲሆን ግን እናት በቤቷ ልትረዳው ትችላለች። የተጎዳው እግር ከሥራ ይረፍ፤ በሽተኛው ተጋድሞ እግሩ በትራስ ላይ ከልቡ ከፍታ በላይ ይደረግ፤ በረዶ ቢገኝ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ይያዝለት፤ በረዶ በማይገኝበት አገር በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል። ፋሻ ቢደረግለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይጠብቅ መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ማሸትና በሙቅ ውሃ መንከር እብጠቱን ስለሚያብሰው ሊቀር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ መተኛት መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል፤ ሕመሙ እየቀነሰ ሲሄድ እግርን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ፣ በኋላም በአንድ እግር መቆምን መለማመድ ጅማቱንና ጡንቻውን ያበረታል። ሳይድን ወደ ሜዳ የተመለሰ ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ የሚወለም ይሆናል።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ወጌሻ የሚለው ስም በኦሮምኛ ባለሙያ ለሚለው ለኦጌሳ የቀረበ ነው፤ ሕዝቡም ለሙያው ያለው አክብሮት ከስሙ ይታወቃል። ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን የተሰበረውን ሲጠግን የኖረ ወጌሻ ነው፤ ዛሬም እንኳ የእግር ኳስ ቡድኖች በሜዳ ተጫዋችን ለሚያክመው ባለሙያ ወጌሻ የሚለውን ስም ሰጥተውታል። ነገር ግን ከዚህ ሙያ አንድ ታላቅ አደጋ ይመጣል፤ እርሱም የተሰበረውን አካል በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። አካሉ ሲያብጥ ማሰሪያው አይለጠጥም፤ ደሙ መዘዋወሪያ ያጣል፤ ደም ያጣ ጡንቻም ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ መሞት ይጀምራል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረ ስብራት ስለ ማሰሪያው ጥብቀት ብቻ ወደ መቆረጥ ያደረሳቸው ሰዎች፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ ሲታዩ ኖረዋል። ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ ኀዘን የለም፤ ልጁን ሊያሳክም ወስዶ ያለ እጅ ይመልሰዋልና።

ስለዚህ አካሉ የታሰረ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ የሚከተለው ምልክት ይጠበቅ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ቢብስ፣ ጣቶቹ ቢደነዝዙ ወይም ቢወራጩ፣ ቢቀዘቅዙ፣ መልካቸው ቢነጣ ወይም ቢጠቁር፣ ጣቶቹን ሲያቀኑለት ሕመምተኛው አምርሮ ቢጮኽ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሕመምተኛውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ወጌሻውን እናሳዝናለን ብሎ እስኪነጋ መቆየት አይገባም። ማሰሪያ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል፤ የሞተ ሥጋ ግን አይመለስም።

ሕመምን ችሎ መጫወት ጀግንነት ይመስላቸው ለነበሩትም ምሳሌ እንጥቀስ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ በ1968 በሜክሲኮ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ከ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ወጥቷል፤ ውድድሩንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸንፏል። አበበ በማቋረጡ ክብሩ አልጎደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2000 በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ለጥቂት ሲቀድመው የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀዶ ሕክምና ታክሞ በማረፉ ለብዙ ዓመት ሊሮጥ ችሏል። እንደነዚህ ያሉ ሯጮች ለሕመም ከታዘዙ፣ የሰፈር ተጫዋች መታዘዙ ምን ያሳፍረዋል?

በመጨረሻ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ከጨዋታ የሚመጣ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በሽምግልና የሚመጣው የጉልበት ቁርጥማት ፈጽሞ በመቀመጥ ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ በልክ መራመድ፣ የጭንን ጡንቻ ማጠንከር፣ የሰውነትንም ክብደት መቀነስ ይረዳዋል። ከብትና ግመል በሚረባበት አገር ደግሞ ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ምልክቱም እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ይህን በሽታ ማሸትም ቅባትም አያድነውም፤ ደም ተመርምሮ ለብዙ ሳምንት መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ወተትን ማፍላት ግን አስቀድሞ ይከላከለዋል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ከተጨመረበት፣ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል የአንድ ቀን ቀጠሮ እንኳ አይሰጠውም። የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ወላጆች፣ አስተማሪዎችና የቡድን አሠልጣኞች የወደቀውን ልጅ ከማሸትና ከመሳብ በፊት ማሳረፍን፣ ካሠሩትም በኋላ ጣቶቹን ደጋግሞ ማየትን እንዳይዘነጉ አደራ እንላለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ ነው።