ለአሮጌ ሞተር ቴስታታ ሲመረጥ

ቴስታታ የሞተር ክዳን ነው። ከሲሊንደሮቹ በላይ በብሎን ታስሮ የሚነደውን ጋዝ አፍኖ ይይዛል። ቫልቮቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በእሱ ውስጥ ነው፤ ውሃና ዘይትም በየመስመራቸው ያልፉበታል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ኢንጀክተሮቹ የሚተከሉትም እዚሁ ላይ ነው። በአንድ ወገን እሳት፣ በሌላው ወገን ውሃ፣ በመካከላቸው ደግሞ ስስ ግድግዳ ብቻ ስላለ ሞተር በፈላ ቁጥር ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ክፍል ነው።

ሞተር ለምን እንደሚፈላ ለመረዳት አቃቂ ቃሊቲን ማየት ይበቃል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚገባበት በር ነው። ቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ የሚቆመው የጭነት መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ ከፍታው 1,000 ሜትር በማይሞላው የአዋሽ ሜዳ አልፎ፣ 2,100 ሜትር አካባቢ ድረስ እየተጎተተ የወጣ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታል። ስለዚህ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ጤነኛ የሚመስል ሞተር ዳገት ላይ ይፈላል። በርካሽ የሚገኝ ክዳን ባለመቀየሩ ብቻ የተሰነጠቀ ቴስታታ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ቴስታታ ከመመረጡ በፊት የቀድሞውን ምን እንደጎዳው መታወቅ አለበት። ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ወይም ቴርሞስታቱ “ያሞቃል” ተብሎ ወጥቶ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። የጉድጓድ ውሃ ብቻ ለዓመታት ሲሞላበት የቆየ ሞተርም አለ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን በግድግዳው ላይ እየተጋገረ ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል፣ ብረቱም ይዝጋል። ምክንያቱ ሳይነካ የተገጠመ አዲስ ቴስታታ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታየ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ ይህ ግን ቴስታታው ተሰንጥቋል ማለት ላይሆን ይችላል። ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ወይም ጋስኬት የሚባለው ብቻ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይፈተን ወደ ገበያ መሮጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ፈተናው የሚሠራው የሞተር እድሳት በሚያካሂዱ ወርክሾፖች ነው። የውሃ መተላለፊያዎቹ ተደፍነው ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ የታመቀ አየርም ይሰጠዋል፤ ስንጥቅ ካለ አረፋ ይወጣል። ውሃው መሞቅ አለበት፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ተዘግቶ የሚቆይ ስንጥቅ ሲሞቅ ነው የሚከፈተው። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ብረት በፊቱ ላይ ተጋድሞ የመጣመሙ መጠን በስስ መለኪያ ይታያል። የሚፈቀደው ልዩነት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በተለይ የአሉሚኒየም ቴስታታ ቶሎ ይጣመማል፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከሥሩ ካለው የብረት ብሎክ በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ብሎኖቹ ወጥረው ሲይዙት መሄጃ ያጣል።

ምርጫው ሲመጣ ትልቁ ስሕተት በመኪናው ስም መግዛት ነው። “የዶልፊን ቴስታታ” የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ዶልፊን በሚባለው የቶዮታ ሚኒባስ ውስጥ ከሚገኙት የናፍጣ ሞተሮች 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ይጠቀሳሉ። ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት ግን በቅደም ተከተል 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊሜትር ነው። ለ2ኤል የተሠራ ጓርኒሲዮን 5ኤል ላይ ቢቀመጥ ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እሳት ይበላዋል። 2ኤል ራሱም ቢሆን አንድ አይደለም። የቀድሞው ቫልቮቹን በሮከር የሚገፋ ሲሆን ኋላ የመጣው ካሙ በቀጥታ የሚጫናቸው ነው፤ የአንዱ ቴስታታ ለሌላው አይሆንም። በዚያ ላይ ዕድሜው በገፋ መኪና ውስጥ ያለው ሞተር ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ላይሆን ይችላል። የሚታመነው በሊብሬው ላይ የተጻፈው የመኪና ስም ሳይሆን በብሎኩ ላይ የተመታው የሞተር ኮድ ነው። አሮጌው ቴስታታ ራሱ ወደ ሱቁ ተወስዶ ከሚገዛው ጋር ፊት ለፊት ቢጋጠም፣ የብሎን ቀዳዳው፣ የውሃ መስመሩና የቫልቩ ስፋት አንድ በአንድ ቢታይ ደግሞ የተሻለ ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲፈለግ የአዲስ አበባ ሰው የሚሄደው መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ነው። እዚያ የሚገኝ ኦርጅናል ቴስታታ በብረቱ ጥራት ከብዙ አዲስ ቅጂ ሊበልጥ ይችላል። ችግሩ የትኛው ፈልቶ የመጣ እንደሆነ በዓይን አለመታወቁ ነው። ጥቂት ምልክቶች ግን አሉ። በውሃ ቀዳዳው ዙሪያ ጉድጓድ የሠራ ዝገት፣ በሁለት ቫልቮች መቀመጫ መካከል የሚሄድ የፀጉር መስመር፣ በመፍጫ የተስተካከለ የብየዳ ጠባሳ፣ ከመጠን በላይ የተወለወለ ፊት ሁሉም ጥያቄ ያስነሣሉ። ቁመቱ በካሊፐር ካልተለካ ምን ያህል እንደተላገ ማወቅ አይቻልም። የተላገ ቴስታታ ቫልቮቹን ወደ ፒስተኑ ያቀርባል፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ክፍተት መጀመሪያውኑ ጠባብ ነው። ከሻጩ ጋር “ተፈትኖ ካለፈ” በሚል ቃል መስማማትና ደረሰኝ መያዝ ያዋጣል፤ ለፈተና የማይሰጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

አዲሱ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ባዶውን ወይም ቫልቭና ስፕሪንጉ ተገጥሞ። ባዶው ርካሽ ይመስላል፤ የቀድሞዎቹ ቫልቮች ከተበሉ ግን መግዣቸውና ከመቀመጫቸው ጋር ማስማሚያው ሲደመር ልዩነቱ ይጠባል። ቅጂዎቹ ከቻይና፣ ከታይዋን፣ ከስፔንም ይመጣሉ፤ ጥራታቸው የትየለሌ ይለያያል። አዲስ ስለሆነ ብቻ ሳይለካ የሚገጠም ዕቃ ግን የለም። ፊቱ ቀጥ ማለቱ፣ የቫልቭ መቀመጫው መጥበቁ፣ በመስመሮቹ ውስጥ የቀረ የቅርጽ ማውጫ አሸዋ አለመኖሩ መታየት አለበት። የተፈተነ አሮጌ ካልተፈተነ አዲስ ይሻላል።

እዚሁ ማሠራት አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብረት ማቅለጥ ለአቃቂ እንግዳ አይደለም፤ አቃቂ መለዋወጫ የሚባለው፣ ኋላ አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ተብሎ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር የገባው ፋብሪካ ሥራው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ቴስታታ በሆዱ የተጠላለፈ የውሃ መንገድ ስላለው እያንዳንዱ የሞተር ዓይነት የየራሱን ውስብስብ የአሸዋ ቅርጽ ይፈልጋል። ለጥቂት ፍሬ ብሎ ያን ማዘጋጀት አያዋጣም። የተሰነጠቀውን መበየድም አንድ አማራጭ ነው፤ አሉሚኒየም በሠለጠነ እጅ ይበየዳል፣ የብረቱ ግን ቀድሞ በእኩል ካልሞቀና ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።

የዋጋው ነገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በመንገድ ላይ ያለው አሮጌ ሞተር ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገል ይኖርበታል፣ መለዋወጫው ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በናፍጣ ሞተር ውፍረቱ የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶች ወይም ፊደል ውፍረቱን ይናገራሉ። እየተለጠጡ የሚጠብቁ ብሎኖች ያሉት ሞተር አዲስ ብሎን ይፈልጋል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ከዘይትና ከውሃ መጽዳት አለበት፣ ፈሳሽ የተኛበት ቀዳዳ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላልና። ማጥበቁ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መለኪያ መፍቻ ይከናወናል። የካም ክዳኖች ከገዛ ቴስታታቸው ጋር አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ ከአሮጌው ነቅሎ ወደ አዲሱ ማዛወር አይቻልም። የተነቀለው ቴስታታም አዲሱ ተገጥሞ፣ ውሃና ኩላንት ተሞልቶ፣ መኪናው አንድ ዳገት ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ለቆራሌው ባይሰጥ ይመረጣል።