በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ስለሚያልፉና ስለሚራቡ አእዋፍ ኅብረተሰቡ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ሁለት ዓይነት የአእዋፍ እንቅስቃሴ ይስተዋላል። አንደኛው በጋውን በአፍሪካ አሳልፈው ለመራባት ወደ አውሮፓና እስያ የሚመለሱ ፍልሰተኛ አእዋፍ ጉዞ ነው። ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ በአገር ውስጥ የሚኖሩ አእዋፍ ጎጆ መሥራትና ጫጩት ማሳደግ ነው።

ፍልሰተኛ አእዋፍ

ሽመላ፣ ጨረባና የተለያዩ የንስር ዝርያዎች ከፍልሰተኞቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ትላልቆቹ አእዋፍ ክንፋቸውን ዘርግተው ከመሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ስለሚንሳፈፉ፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ በገደላማ ቦታዎች ላይ ሲዞሩ ለማየት ይቀላል። ሽመላዎች በማሳ ላይ አንበጣና ተምች ስለሚለቅሙ ለአርሶ አደሩ ጠቀሜታ አላቸው።

የመራቢያ ቦታዎች

በአካባቢው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው ተጠብቆ የቆየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በእነዚህ ደኖች የሚገኙ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ለአእዋፍ ጎጆ መሥሪያና መጠለያ ይሆናሉ። ገደል ላይ የሚራቡ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ደግሞ እንደ ዓባይ ሸለቆ ያሉ ገደላማ ቦታዎችን ይመርጣሉ።

ለጥንብ አንሳ የሚደረግ ጥንቃቄ

አብዛኞቹ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ በመሆኑ፣ የሞቱትን ለመተካት ረጅም ዓመታት ይፈጃል። በሌላ በኩል በአንድ ጥንብ ላይ በርካቶች ስለሚሰበሰቡ፣ ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይፈጃል። በህንድ ለከብት ሕክምና ይውል የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ጥንብ አንሳዎችን ጨርሶ ሊያጠፋ በመቃረቡ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ታግዷል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ጥንቡን የሚበሉ ውሾች ይበዛሉ፤ በዚህም የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ይጨምራል።

ከነዋሪዎች የሚጠበቅ ተግባር

1. ጎጆ ያለበትን ዛፍ ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ድረስ አለመቁረጥ፤ እንቁላልና ጫጩት አለመንካት።

2. ሥጋን አለመመረዝ፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል በባለሙያ ምክር ብቻ መጠቀምና ባዶ ዕቃውን በማሳና በውኃ ዳር አለመጣል።

3. እግሩ ላይ ቀለበት ያለበት ወፍ ሞቶ ቢገኝ በቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ ማሳወቅ። ይህ መረጃ ወፉ የተነሣበትን አገርና የተጓዘበትን መስመር ለማወቅ ይረዳል። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አለማውለቅ።

4. በርካታ አእዋፍ በአንድ ቦታ ሞተው ቢገኙ በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ሕፃናትንና የቤት እንስሳትን ከአካባቢው በማራቅ ወዲያውኑ ማሳወቅ።

ጥቆማ በአቅራቢያ ላለ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።

የሕግ ማዕቀፍ

ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የፍልሰተኛ የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል በመሆኗ፣ በግዛቷ የሚያልፉትን አእዋፍ የመጠበቅ ኃላፊነት አለባት። ይህ ኃላፊነት በተግባር የሚፈጸመው በየቀበሌው ነዋሪ ትብብር ነው።