ሳጥኑን ብቻውን የሚከፍት የለም

በኬንያዋ ሞያሌ ዙሪያ፣ በቦሪና በአጎራባቾቿ ስላሉት የሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ሲወራ ብዙ ሰው «የእርዳታ ድርጅት ያቋቋማቸው ናቸው» ብሎ ያልፋል። ይህ ተቸኩሎ የተሰጠ ፍርድ ነው። ፓሪማ የተባለው የአርብቶ አደር ጥናት ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በሰሜን ኬንያ 16 የሴቶች ቡድኖችን ሲያጠና ግማሽ ያህሉ ያለ ማንም ቀስቃሽ ራሳቸው የተሰባሰቡ ሆነው ተገኝተዋል። ዝርዝር መተዳደሪያ ደንብም ነበራቸው። ከኢትዮጵያ ወገን የመጡ የቦረና ሴቶች እነዚህን ቡድኖች ጎብኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በፕሮጀክቱ ድጋፍም በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቡድኖች ተቋቋሙ፤ አብዛኞቹ አባላት ሴቶች ነበሩ። የኬንያ ሴቶች ድንበር ተሻግረው ለመጡት መምህራን ናቸው፤ ተረጂ እያሉ መጥራት ውለታቸውን መካድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባላት በየስብሰባው ያዋጣሉ፣ ከተጠራቀመው በወለድ ይበደራሉ፣ ወለዱም ለራሳቸው ይቀራል። በዕቁብ ባለ ዕጣው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ገንዘቡ ከቡድኑ ጋር ይቆያል። ባንክ ለብድር የመሬት ካርታና የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሀብቷ ፍየልና ግመል የሆነች እናት ሁለቱም የሏትም። የመንግሥት ገንዘብም አልደረሰላትም፦ የኬንያ መንግሥት በ1965 ባወጣው ቁጥር 10 የፖሊሲ ሰነድ ገንዘቡን ፈጥኖ ምርት ወደሚሰጡ አካባቢዎች ሲያዞር ሰሜኑ ወደ ኋላ ቀርቷል።

እኔን የሚማርከኝ ገንዘቡ የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ1991 በኒጀር፣ ማራዲ የጀመረው የመንደር ቁጠባ ዘዴ በመላው አፍሪካ ሲዛመት አንድ የብረት ሳጥን ይዞ ተጓዘ። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ መክፈቻዎቹም ከሦስት የተለያዩ አባላት ዘንድ ይቀመጣሉ። ጎብኚ ሁሉ ሦስቱን ቁልፎች አይቶ ስለ ሌባ ያወራል። ሌባ ከመጣ ግን ሳጥኑን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሦስት ቁልፍ አያቆመውም። ቁልፎቹ የተሠሩት ለገዛ ሹማምንት ነው፦ ሊቀ መንበሯ፣ ጸሐፊዋም ሆነች ገንዘብ ያዧ ብቻዋን እንዳትከፍተው። ሳጥኑ የሚከፈተው አባላት ሁሉ ባሉበት ስብሰባ ላይ ነው።

ሲከፈትም ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ሲዘጋ የቀረው መጠን ይነገራል፣ አባላትም በቃላቸው ይይዙታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሳጥኑ ሳይከፈት በፊት ያለፈው ሂሳብ ስንት እንደነበር ይጠየቃሉ። ቦሪ ውስጥ በተከታተልኩት ስብሰባ ወጣቷ ጸሐፊ አቀርቅራ በለሆሳስ ስትቆጥር፣ አንዲት አረጋዊት አቋረጧት፦ «ልጄ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ እኛ የምንጽፈው በጆሯችን ነው።» ልጅቷ ከአንድ ብላ እንደገና ጀመረች። የፓሪማ ጥናት መሃይምነትን ለቡድኖቹ ህልውና ከሚያሰጉ የውስጥ ችግሮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ትክክል ነው። ታዲያ ማንበብ የማይችል ሁሉ ኦዲተር የሚሆንበትን መንገድ ያገኘ አሠራር የባንክ ባለሙያዎች ሊያጠኑት ሲገባ ስለ ምን «ባህላዊ» ብለው ይተዉታል?

ከባለገንዘቡ ዓይንና ጆሮ የራቀ ገንዘብ ምን እንደሚደርስበት የአሜሪካ ጥቁሮች አይተውታል። ከባርነት ነፃ ለወጡት ሰዎች በ1865 የተቋቋመው የፍሪድማንስ ቁጠባ ባንክ አደራውን በነጮች ባለአደራዎች እጅ አኖረ። እነሱም ገንዘቡን ለንግድ ወዳጆቻቸው በመጥፎ ብድር በተኑት። የጥቁሮች ነፃነት ታጋዩ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1874 የባንኩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲገባ ባንኩ ከውስጥ አልቆ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። 61 ሺህ ያህል አስቀማጮች 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘባቸው ተያዘባቸው፤ ብዙዎቹ ሙሉውን መልሰው አላገኙም።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ደቡብ የተነሱት የጥቁሮች ባንኮች ከየት እንደበቀሉ ማስተዋል ያስፈልጋል። በሪችመንድ ከተማ በ1888 የባንክ ፈቃድ ያገኘው የትሩ ሪፎርመርስ ማኅበርም፣ ማጊ ሌና ዎከር በ1903 ሴንት ሉክ ፔኒ ቁጠባ ባንክን ያቋቋመችበት ማኅበርም ሥራቸው የኛን ዕድር ይመስል ነበር፦ የታመመን መርዳት፣ የሞተን መቅበር። ዎከር በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ለባንኳ መሠረት የሆነው በማኅበሩ ውስጥ አስቀድሞ የተገነባው መተማመን ነው።

ስለዚህ ሞያሌ ድረስ መጥተው፣ ቡድኑ ገና የራሱን ሳይቆጥብ፣ ትልቅ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ የሚጥሉ ለጋሾችን እወቅሳለሁ። ከእናቶች ጉሮሮ ተቀንሶ የተዋጣው ገንዘብ ዕዳው ይከበራል፤ ባለቤቱ ሩቅ የሆነ ገንዘብ ግን ሲጠፋ ማን ይቆጫል? አርፍደው ለሚመጡ አባላትም አላዝንም፤ ቆጠራው ያመለጣት አባል በሚቀጥለው ጊዜ ምስክር መሆን አትችልም። የማርፈድ ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ይከፈል።

አሁን ደግሞ ስልኩ መጥቷል። ኤምፔሳ በኬንያ በ2007 ከተጀመረ ወዲህ መዋጮን በስልክ መላክ ለምዷል፤ ከብት ተከትላ ለራቀች እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መልእክቱ የሚገባው አንድ ስልክ ላይ ነው፣ የሚያየውም አንድ ሰው ነው። ገንዘብ ያዧ በየስብሰባው ስልኳን ለሌላ አባል ትስጥ፤ የገባው ሁሉ ከነላኪው ስም ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ድምሩም ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር ተደምሮ ይነገር። ይህን በደንባቸው ላይ ያልጻፉ ቡድኖች ከሚቀጥለው ስብሰባ ሳያሳልፉ ይጻፉት።